የቆየ ዘፈንን ዳግም ቀርጾ የራስን ማስተር ለመያዝ፦ ከውል ምርመራ እስከ ሥርጭት

በወጣትነት የተፈረመ ውል ድምፃዊን ከዓመታት በኋላ ለገዛ ድምፁ ባይተዋር ሊያደርገው ይችላል። ዘፈኑ በየሬዲዮው ይሰማል፣ ፊልም ሠሪዎች ይፈልጉታል፣ አድማጭም አልረሳውም፤ ፈቃድ የሚሰጠውና ከገቢው ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ግን ማስተሩን፣ ማለትም የተቀረጸውን ዋና ድምፅ፣ የያዘው ኩባንያ ነው። ኩባንያው ማስተሩን ለሌላ ሲሸጥ ድምፃዊውን የማማከር ግዴታ ብዙውን ጊዜ የለበትም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንዲሁ ናቸው) በ2019 የአሜሪካዊቷ ድምፃዊት የቴይለር ስዊፍት የመጀመሪያዎቹ ስድስት አልበሞች ማስተሮች ከቀረጻ ኩባንያው ጋር አብረው ሲሸጡ፣ በ2020 ደግሞ ሻምሮክ ለተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት ሲተላለፉ የሆነው ይኸው ነበር። እርሷ የመረጠችው መንገድ፣ ማለትም ዘፈኖቹን እንደ አዲስ ዘፍኖ የራስን ማስተር መፍጠር፣ ከእርሷ በፊትም የተሄደበት ነው። ኤቨርሊ ብራዘርስ የተባሉት አሜሪካውያን ወንድማማች ዘፋኞች በ1960 ኩባንያ ከቀየሩ በኋላ የቀድሞ ተወዳጅ ዘፈኖቻቸውን ለአዲሱ ኩባንያ ዳግም ቀርጸዋል፤ ፍራንክ ሲናትራም የራሱን ሪፕራይዝ የተባለ ኩባንያ ካቋቋመ በኋላ እንዲሁ አድርጓል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ዳግም ቀረጻ የድሮውን ማስተር አያስመልስም። የድሮው እዚያው ባለቤቱ እጅ ይቆያል፣ ይሸጣል፣ ይሰማል። ድምፃዊው የሚያገኘው ከድሮው ጎን ለጎን ገበያ ላይ የሚቆም ሌላ ንብረት ነው። ስለዚህ ሥራው በሁለት ጥያቄዎች ላይ ይንጠለጠላል፦ ይህን ዘፈን ዛሬ የመቅረጽ መብት አለኝ ወይ? ስቀርጸውስ አዲሱ ማስተር ያለ አንዳች ጥርጥር የእኔ ይሆናል ወይ? ሁለቱም የሚመለሱት በወረቀት ላይ ነው፤ ስቱዲዮ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ደረጃ 1፦ ዘፈኑንና ቀረጻውን መለየት

አንድ የተቀረጸ ሙዚቃ ሁለት ንብረቶችን በውስጡ ይዟል። አንደኛው ግጥሙና ዜማው ነው፤ ይህ የደራሲዎቹ ነው፣ ወይም ደራሲዎቹ መብቱን ያስተላለፉለት የሙዚቃ አሳታሚ ነው። ሁለተኛው ያ ዘፈን በአንድ ቀን፣ በአንድ ስቱዲዮ፣ በእነዚያ ሰዎች ተዘፍኖና ተጫውቶ የተያዘበት ድምፅ ነው፤ ማስተር የሚባለው ይህ ነው። ዳግም መቅረጽ የሚቻለው እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ በመሆናቸው ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ በአንቀጽ 114 የቀረጻ ባለቤት መብት ራሱን ችሎ በተሠራ ሌላ ቀረጻ ላይ እንደማይደርስ፣ አዲሱ ቀረጻ የድሮውን ድምፅ በቅርበት ቢመስልም እንኳ እንደዚያው እንደሆነ ይደነግጋል። ራሱን ችሎ የሚለው ቃል ግን ከባድ ነው፤ ወደ ስቱዲዮው ሥራ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ለመጀመር አንድ ሠንጠረዥ ይዘጋጅ። ለእያንዳንዱ ዘፈን ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውን ማን ሠራው፣ ድርሻቸው ስንት ስንት ነው፣ የአሳታሚነት መብቱ ዛሬ በማን እጅ ነው፣ ማስተሩስ በማን ስም ነው የሚለውን በተርታ መሙላት ነው። በርካታ ድምፃውያን እዚህ ላይ የሚደነግጡት፣ የእኔ ነው ብለው ለዓመታት ሲዘፍኑት የነበረው ዜማ በሦስት ሰዎች ስም ተመዝግቦ ሲያገኙት ነው። ድንጋጤው በዚህ ደረጃ ቢመጣ ይሻላል፤ ከቀረጻ በኋላ ሲመጣ በገንዘብ ይከፈላል።

ደረጃ 2፦ የድሮውን ውል ቃል በቃል ማንበብ

አብዛኛው የቀረጻ ውል ዳግም መቅረጽን ለተወሰነ ጊዜ የሚከለክል አንቀጽ አለው። የተለመደው አነጋገር በግርድፉ እንዲህ ይመስላል፦ «ድምፃዊው በዚህ ውል መሠረት የቀረጸውን ማንኛውንም ዘፈን፣ ቀረጻው ለገበያ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ 5 ዓመት እስኪሞላ ወይም ይህ ውል ካበቃበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት እስኪሞላ፣ ከሁለቱ የዘገየው እስኪደርስ ድረስ፣ ለማንኛውም ወገን አይቀርጽም።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ቀስ ብለን እንፍታው። አንድ አልበም በመጋቢት 2015 ወጣ፤ ውሉ ደግሞ በሰኔ 2021 አበቃ እንበል። አምስቱ ዓመት በመጋቢት 2020 ይሞላል። ሁለቱ ዓመት የሚሞላው ግን በሰኔ 2023 ነው። ውሉ «የዘገየው» ስለሚል ድምፃዊው ነጻ የሚወጣው በሰኔ 2023 ነው። በ2020 አልበሙ አምስት ዓመት ሆነው ብሎ ስቱዲዮ የገባ ሰው ውል አፍርሷል። ከዚህ የምንረዳው፣ የአልበሙን የመውጫ ቀን ብቻ ማወቅ እንደማይበቃ፣ ውሉ በትክክል መቼ እንዳበቃ፣ ተራዝሞም ከሆነ በየትኛው ደብዳቤ እንደተራዘመ ማስረጃ መያዝ እንደሚያስፈልግ ነው። ኩባንያዎች ውል የሚያራዝሙበት አማራጭ በአንዲት አጭር ማስታወቂያ ሊፈጸም ይችላል፤ ያቺ ወረቀት ከተረሳች ስሌቱ በሙሉ ይበላሻል።

ቀጥሎ «ማንኛውንም ዘፈን» የሚለው ሐረግ አለ። ወጥቶ የተሸጠውን ብቻ ነው ወይስ ተቀርጾ በመደርደሪያ የቀረውንም ይጨምራል? «ለማንኛውም ወገን» የሚለውስ ድምፃዊው ለራሱ የሚቀርጸውን ይመለከታል? ብዙ ጊዜ አዎ፣ ይመለከታል። የመድረክ ዝግጅት ቀርጾ ማውጣትስ? አብዛኞቹ አንቀጾች «መቅረጽ» ሲሉ በስቱዲዮም በመድረክም የተያዘን ድምፅ ሁሉ ስለሚጨምሩ፣ በእገዳው ዘመን የኮንሰርት ቀረጻ ማሰራጨትም ጥሰት ሊሆን ይችላል። መድረክ ላይ መዝፈን ግን ሌላ ነገር ነው፤ በቀረጻ እገዳ አይከለከልም።

አልበሞቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ ለእያንዳንዱ ለብቻው ይሰላ። ስዊፍት አምስቱን አልበሞች ከኅዳር 2020 ጀምሮ እንድትቀርጽ ውሏ ሲፈቅድላት፣ በ2017 የወጣው ስድስተኛው አልበም ግን ጊዜው ገና ነበር።

የስዊፍት ሥራ ከተሳካ በኋላ በአዳዲስ ውሎች ላይ ኩባንያዎች የእገዳውን ዘመን እስከ 10፣ 15፣ ከዚያም እስከ 30 ዓመት እንዲረዝም መጠየቅ መጀመራቸው በሙዚቃው ዓለም ጠበቆች ተነግሯል። ስለዚህ ገና ውል ሊፈርም ላለ ወጣት ምክሬ አንድ ነው፦ ከቅድሚያ ክፍያው መጠን በላይ በዚህች አንቀጽ ላይ ተከራከር። ቅድሚያ ክፍያ በአንድ ዓመት ያልቃል፤ 30 ዓመት ግን አንድ ሙሉ የድምፅ ዕድሜ ነው።

ውሉ የጠፋበት ሰው ለኩባንያው ወይም ለተተኪው በጽሑፍ አመልክቶ ቅጂ ይጠይቅ። ይህን ሲያደርግ ምክንያቱን መዘርዘር አይጠበቅበትም።

ደረጃ 3፦ ሌሎቹን በሮች ቀድሞ ማንኳኳት

ዳግም ቀረጻ ገንዘብና ጉልበት ይበላል፤ ከእርሱ የቀለለ መንገድ ካለ መታየት አለበት። አንዳንድ ውሎች ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ማስተሩ ወደ ድምፃዊው እንዲመለስ ይደነግጋሉ። አንዳንድ ኩባንያዎች ብዙ የማይሸጥ ማስተርን በተመጣጣኝ ዋጋ ይሸጣሉ። በአሜሪካ ሕግ አንቀጽ 203 መሠረት ደግሞ ከ1978 መባቻ ወዲህ በደራሲው የተላለፈ መብት ከ35 ዓመት በኋላ ሊቋረጥ ይችላል፤ ማስታወቂያው ከሚቋረጥበት ቀን ቢበዛ 10፣ ቢያንስ 2 ዓመት ቀድሞ መሰጠት አለበት፣ በቅጥር የተሠራ ሥራ ግን በዚህ አይሸፈንም። ቀረጻዎች «በቅጥር የተሠሩ» ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለው ኩባንያዎችንና ድምፃውያንን ሲያሟግት የቆየ ነጥብ ስለሆነ ያለ ጠበቃ አይሞከርም።

ዳግም መቅረጽና ማስተሩን መግዛት እርስ በርስ ሊደጋገፉም ይችላሉ። ስዊፍት አራት አልበሞችን ዳግም ቀርጻ ካወጣች በኋላ በግንቦት 2025 የድሮ ማስተሮቿን በሙሉ ከሻምሮክ ገዝታለች። ገበያ ላይ ተፎካካሪ ቅጂ ያላት ድምፃዊት ሻጭ ፊት ስትቀመጥ ባዶ እጇን አይደለችም ብዬ አምናለሁ።

ደረጃ 4፦ የዘፈኑን ፈቃድ ማግኘት

ድምፃዊው ግጥሙንና ዜማውን ራሱ ሠርቶ መብቱን ካላስተላለፈ ይህ ደረጃ በአንድ ቀን ያልቃል። ሌሎች ደራሲዎች ካሉ ግን፣ ዘፈኑን ያስተዋወቀው የእርሱ ድምፅ ቢሆንም፣ ፈቃድ ያስፈልገዋል። አሜሪካ ውስጥ አንድ ዘፈን በባለቤቱ ፈቃድ አንዴ ከወጣ በኋላ ማንም ሰው በሕግ የተወሰነውን ክፍያ እየከፈለ የድምፅ ቅጂውን ማውጣት ይችላል፤ ክፍያው በ2023 ለአንድ የተሸጠ ቅጂ፣ እስከ 5 ደቂቃ ለሚረዝም ዘፈን፣ 12 ሳንቲም ነበር። ይህ ዓይነቱ ፈቃድ የዜማውን መሠረታዊ መልክ መቀየርን አይፈቅድም፤ ለፊልምና ለማስታወቂያም አይሆንም። በሌላ አገር ያለ ሰው የሚያመራው ወደ ደራሲዎቹ፣ ወደ አሳታሚዎቻቸው ወይም መብታቸውን በጋራ ወደሚያስተዳድረው ማኅበር ነው።

ደራሲዎቹን ማስቆጣት በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የከፋ ስህተት ነው እላለሁ። ለፊልም ወይም ለማስታወቂያ ሁለት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከማስተሩ ባለቤት፣ ሌላው ከዘፈኑ ባለቤት። ደራሲው ድምፃዊው ራሱ ከሆነ፣ ወይም ደራሲዎቹ ከጎኑ ከቆሙ፣ ፈላጊውን ከድሮው ማስተር ይልቅ ወደ አዲሱ መምራት ይችላል፤ በድሮው ቀረጻ መጠቀም የሚፈልግ ሰው የዘፈኑን ፈቃድ ካላገኘ ማስተሩ ብቻውን ምንም አያደርግለትምና። የዳግም ቀረጻ ዋናው ጉልበት ያለው እዚህ ነው። ዘፈኑ ሙሉ በሙሉ የሌሎች የሆነበትና ደራሲዎቹ ግድ የማይሰጣቸው ድምፃዊ ይህ ጉልበት የለውም፤ እንዲህ ያለ ሰው ወጪውን ሁለት ጊዜ ቢያስብበት መልካም ነው።

ደረጃ 5፦ አዲሱን ማስተር በጽሑፍ የራስ ማድረግ

ከአንድ ኩባንያ እጅ አምልጦ በስድስት ሰዎች እጅ መውደቅ ይቻላል። በብዙ አገሮች ሕግ የተጫወተ ሙዚቀኛ በተጫወተው ላይ፣ ቀረጻውን የመራ ፕሮዲዩሰር በመራው ላይ የየራሳቸው መብት ሊኖራቸው ይችላል። ስለዚህ ጊታር የሚጫወተው፣ ከበሮ የሚመታው፣ በተቀባይነት የምትዘፍነው፣ አቀናባሪው፣ የድምፅ መሐንዲሱና ፕሮዲዩሰሩ ሁሉ ከመጀመሪያዋ የቀረጻ ሰዓት በፊት ይፈርሙ። ወረቀቱ ረጅም መሆን የለበትም። ሰውየው ማነው፣ በየትኛው ዘፈን ላይ ምን ሠራ፣ ስንት ተከፈለው፣ ወደፊት ከገቢው ድርሻ አለው ወይስ የለውም፣ በቀረጻው ላይ ያለውን መብት ለማን አስተላለፈ፣ ስሙስ እንዴት ይጠቀስለታል የሚሉትን ከመለሰ ይበቃል።

«ጓደኛዬ ነው፣ ምን ወረቀት ያስፈልጋል» የሚባለው ነገር ያሳዝነኛል። ወረቀቱ ጓደኝነትን ይጠብቃል፤ ዘፈኑ ከአምስት ዓመት በኋላ ለፊልም ሲፈለግና ገዢው የሁሉንም ፊርማ ሲጠይቅ፣ ያን ጊዜ ጓደኛን ፈልጎ ማስፈረም ጓደኝነቱንም ሥራውንም ይፈትናል።

ወጪውን ሌላ ሰው የሚሸፍን ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። ገንዘብ ያወጣ አካል በምላሹ ማስተሩን ከጠየቀ ሁሉም ነገር ወደ ተነሣንበት ይመለሳል። ለተወሰነ ዘመን የማሰራጨት ፈቃድ መስጠት፣ ወይም ያወጣው ገንዘብ እስኪመለስ ከገቢው ድርሻ መክፈል፣ ማስተሩን ከማስተላለፍ በብዙ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ መቅረጽ

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ሕግ አለ፦ ከድሮው ቀረጻ አንዲት ድምፅ እንኳ አይወሰድም። የከበሮ ምት፣ ጭብጨባ፣ የተቀባዮች «ኦ» የምትል ድምፅ፣ የመግቢያዋ ዝናብ ሳይቀር ዳግም ይሠራል። እያንዳንዱ መሣሪያና ድምፅ ለብቻው የተያዘበት የድሮው ባለ ብዙ ትራክ ፋይል በድምፃዊው ኮምፒውተር ውስጥ ቢገኝም ለመስማትና ለመለካት እንጂ ወደ አዲሱ ሥራ ለማስገባት አይከፈትም። ቀረጻው ራሱን ችሎ የተሠራ ነው የሚባለው ይህ ሲሆን ብቻ ነው። የድሮው ሥራ ከሌላ ሰው ቀረጻ የተወሰደ ሳምፕል ካለበት፣ ለድሮው የተሰጠው ፈቃድ ለአዲሱ ስለማይሠራ ወይ አዲስ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ወይ በዚያ ቦታ ሌላ ነገር ይተካል።

ከዚያ የመስማት ሥራ ይመጣል። ዘፈኑን በጆሮ ማዳመጫ ከፍቶ፣ ወረቀት ይዞ፣ አሥር ሴኮንድ አሥር ሴኮንድ እየቆረጡ መስማት ነው። ፍጥነቱ ስንት ነው? ያለ ሜትሮኖም (ምት ጠባቂ መሣሪያ) የተቀረጸ የቆየ ዘፈን መጀመሪያው ላይ በደቂቃ 92 ምት ሆኖ አዝማቹ ላይ ወደ 95 ሊደርስ ይችላል፤ ይህን ሳያስተውሉ በ93 ላይ ቀጥ አድርጎ መቅረጽ ዘፈኑን ያደርቀዋል፣ አድማጩም ምክንያቱን ሳያውቅ «የድሮው ይሻላል» ይላል። በቴፕ የተቀረጸ ከሆነ ቴፑ በትንሹ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ስለሚዞር የድምፁ ከፍታ በሁለት ኖታዎች መካከል ሊያርፍ ይችላል፤ መሣሪያዎቹ በዚያ ልክ ይቃኙ። ድምፃዊው ትንፋሽ የወሰደበት ቦታ፣ ቃል ያጎተተበት፣ ፊደል የዋጠበት ሁሉ ይመዝገብ። በራስ የ22 ዓመት ድምፅ ውስጥ የነበረ የትንፋሽ ቦታ በ40 ዓመት ሲፈለግ ሊጠፋ ይችላል፤ ደረት ተቀይሯልና።

በ2012 ዴፍ ሌፐርድ የተባሉት የእንግሊዝ የሮክ ባንድ አባላት ከኩባንያቸው ጋር በዲጂታል ሽያጭ ክፍያ አልስማማ ብለው ሁለት ታዋቂ ዘፈኖቻቸውን ዳግም ሲቀርጹ፣ የ1980ዎቹን ድምፆች መልሶ ማግኘት እጅግ እንዳስቸገራቸው ተናግረዋል። ስለዚህ ድምፃዊው አስቀድሞ ይወስን፦ የድሮውን ቁርጥ አድርጎ መምሰል ነው ወይስ ዘፈኑን በዛሬ ድምፅ መተርጎም? ለፊልምና ለማስታወቂያ ገበያ የሚፈለገው አድማጭ የለመደው ድምፅ ስለሆነ መምሰሉ ያተርፋል። ለአድማጭ ፍቅር ብቻ ከሆነ ግን በበሰለ ድምፅ አዲስ አተረጓጎም ማቅረብ የበለጠ ክብር አለው፤ ሁለቱን ማደባለቅ ሁለቱንም ያሳጣል።

በድሮው ዘፈን ላይ አብሮ የዘፈነ ሌላ ድምፃዊ ካለ ራሱ ይጋበዝ። ካልመጣ፣ ድምፁን የሚያስመስል ሰው ፈልጎ እርሱ እንደሆነ አስመስሎ ማቅረብ አይገባም። በ1988 የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ድምፃዊቷ ቤት ሚድለር የመኪና አምራቹን ፎርድን በከሰሰችበት ጉዳይ፣ የታወቀ ድምፃዊን ልዩ ድምፅ ለማስታወቂያ አስመስሎ መጠቀም ተጠያቂ እንደሚያደርግ ወስኗል።

በየቀኑ የሚሠራው ሁሉ ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ፦ ያልተቆረጡት ፋይሎች፣ የስቱዲዮው ደረሰኝ፣ የተገኙት ሰዎች ስም፣ የሥራ ላይ ፎቶና ቪዲዮ። ጥቅማቸው ከታች ይታያል።

ደረጃ 7፦ መለያ፣ ስምና ሥርጭት

እያንዳንዱ ቀረጻ አይ ኤስ አር ሲ የሚባል 12 ፊደላትና አኃዞች ያሉት መለያ አለው። አዲሱ ቀረጻ አዲስ መለያ ይወስዳል፤ የድሮውን መጠቀም ገቢውን ወደ ድሮው ባለቤት ሊመራው ይችላል። የዘፈኑ መለያ ግን፣ ማለትም አይ ኤስ ደብሊው ሲ፣ ግጥሙና ዜማው ያው ስለሆነ አይቀየርም። በክብ ውስጥ «ፒ» ተብሎ የሚጻፈው የቀረጻ ባለቤትነት መስመር ላይ የድምፃዊው ወይም የድርጅቱ ስምና አዲሱ ዓመት ይስፈር።

የድሮው አልበም ሽፋን ሥዕልና ፎቶ ብዙ ጊዜ የኩባንያው ንብረት ስለሆነ አዲስ ይሠራ። የቡድን ስምም በኩባንያው ወይም በሌላ አባል ስም በንግድ ምልክትነት ተመዝግቦ እንደሆነ ይጣራ። ርዕሱ ላይ ቅጂው አዲስ መሆኑ በግልጽ ይነገር፤ ስዊፍት በየርዕሱ ላይ የጨመረችው «የቴይለር ቅጂ» የሚል ሐረግ አድማጭ የትኛውን እንደሚከፍት በአንድ ዓይን እንዲለይ አድርጎታል። በሚያዝያ 2021 የወጣው የመጀመሪያው ዳግም ቅጂዋ በቢልቦርድ 200 የአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሲሆን፣ ዳግም የተቀረጸ አልበም ለዚያ ሲበቃ የመጀመሪያው ነበር። ይህ የሆነው አድማጮቿ ለምን እንደቀረጸች ስለሚያውቁ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰፊ አድማጭ የሌለው ድምፃዊም ምክንያቱን በራሱ አንደበት መናገር አለበት፤ የድሮው ቅጂ የሰበሰበው የመደመጥ ቁጥርና የገባባቸው የዘፈን ዝርዝሮች ወደ አዲሱ አይተላለፉምና።

ደረጃ 8፦ የባለቤትነት ክርክር ሲነሣ

አዲሱ ቀረጻ የድሮውን በቅርበት የሚመስል ከሆነ፣ ዩቲዩብን በመሳሰሉ መድረኮች ያለው ድምፅ አዛማጅ ሥርዓት የድሮው ነው ብሎ ሊይዘውና ገቢውን ለድሮው ባለቤት ሊያዞረው ይችላል። ይህ ሲሆን አትደናገጥ፤ ኩባንያው ክስ መሠረተ ማለት አይደለም፣ ማሽን ነው የተሳሳተው። የመጀመሪያው እርምጃ በአከፋፋዩ፣ ማለትም ቀረጻውን ወደ መድረኮቹ በሚያደርሰው ድርጅት፣ በኩል ተቃውሞ ማቅረብ ነው። ተቃውሞው ውስጥ የአዲሱና የድሮው አይ ኤስ አር ሲ ጎን ለጎን፣ የስቱዲዮው ደረሰኝ ከነቀኑ፣ የሙዚቀኞቹ ፊርማ፣ የእገዳው ዘመን ማብቃቱን የሚያሳየው የውሉ ገጽ፣ አስፈላጊ ከሆነም ድምፁ ብቻውን የሚሰማበት ያልተቀናበረ ፋይል ይግባ። በደረጃ 6 ቀን እየጻፉ ያስቀመጡት ሁሉ የሚወጣው ያን ዕለት ነው። ከድሮው ኩባንያ የተላከ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ግን በአከፋፋይ ቅጽ አይመለስም፤ ውሉን ያነበበው ጠበቃ ይመልስ፣ እስከዚያም ከድምፃዊው በኩል በስልክም በማኅበራዊ ገጽም አንድ ቃል አይውጣ።